ቋ ቋ የሚለው ሾክ አብዞርበሩ ላይሆን ይችላል

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አነስተኛ የቤት መኪና እነዳለሁ። የምመላለስበት መንገድ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቀስ ብዬ ትንንሽ ጉድጓድ ሳልፍ ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ ይላል፤ ፈጠን ስል ድምፁ ይጠፋል። ያሳየሁት መካኒክ አራቱንም ሾክ አብዞርበር ቀይረን፣ ከሞላው በላይ ማወፈሪያ ቁራጭ ጨምረን ከፍ እናድርግልህ አለኝ። በወር ሁለት ጊዜ ወደ 500 ኪሎ ግራም ዕቃ ስለምጭን ጓደኛዬ ደግሞ ሽጠህ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ንጣፍ) ያለው ፒክአፕ ግዛ ይለኛል። ባለቤቴ ግን ልጆቹ አይችሉትም ባይ ናት። ለመሆኑ በሰስፔንሽን (ጎማውን ከመኪናው ገላ ጋር አያይዞ መንገጫገጩን የሚያለዝበው ክፍል) ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለእኔስ የቱ ይሻለኛል?»

መልስ፦

ጠያቂያችን፣ መካኒኩም ጓደኛዎም መፍትሔ የሰጡዎት ችግሩ ሳይለይ ነው። አራት ሾክ አብዞርበር መግዛትም ሆነ መኪና መሸጥ ምናልባት በግማሽ ሰዓት ምርመራ የሚቀር ወጪ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ድምፁን እንለይ፤ የዓይነቱን ምርጫ ከዚያ በኋላ እንመጣበታለን።

ቀስ ብለው ትንንሽ ጉድጓድ ሲያልፉ የሚሰማ፣ ፈጠን ሲሉ የሚጠፋ ቋቋታ ብዙ ጊዜ ከስታቢላይዘር ሊንክ የሚመጣ ነው። ስታቢላይዘር ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኝ፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን እንዳይጋደም የሚይዝ የታጠፈ ዘንግ ነው። ሊንኩ ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ከጎማው ጋር አብሮ ከሚወጣና ከሚወርደው አካል ጋር የሚያያይዝ፣ በሁለቱም ጫፉ ትንሽ ኳስ ያለው ቀጭን ብረት ነው። ኮረኮንች ላይ ግራው ጎማ ሲወርድ ቀኙ ይወጣል፤ ሊንኩም በየቅጽበቱ ይጎተታል፣ ይገፋል። የኳሱ መቀመጫ ተበልቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉተታ ይመታል። ሲፈጥኑ የሚጠፋው ስለዳነ አይደለም፤ የመንገዱ ድምፅ ስለሚውጠው ነው።

የደከመ ሾክ አብዞርበር ጠባዩ ሌላ ነው። መኪናውን የሚሸከመው እሱ አይደለም፣ ሞላው ነው። ሾክ አብዞርበሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን መንጠር ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሲደክም መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፍሬን ሲይዙ ከፊት ይደፋል፤ የጎማው ጥርስ ዙሪያውን እያለፈ እያለፈ ጎድጎድ ብሎ ይበላል። እርስዎ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፉም።

ምርመራው እንዲህ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ያዙሩ፤ ከጎማው ጀርባ ሊንኩ ይታይዎታል። መሀሉን በእጅዎ ጨብጠው ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወደ ታች በኃይል ይወዝውዙት። ጤነኛ ሊንክ በኳሱ ላይ ጠበቅ ብሎ ይዞራል እንጂ «ጠቅ» አይልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሥቶ ሲመረምር ነው፤ ያን ጊዜ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፣ የላላውም ጥብቅ መስሎ ያልፋል። ወይ ሁለቱም የፊት ጎማዎች መሬት ይርገጡ፣ ወይ ሁለቱም ይንጠልጠሉ።

ሊንኩ ደህና ከሆነ ስታቢላይዘሩ ከሻሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር የታሰረበትን የላስቲክ ቡሽ፣ ማለትም በብረቶቹ መካከል ያለውን ለስላሳ ማቀፊያ፣ ይዩ፤ ሰፍቶ ከሆነ ዘንጉ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ብልጭ ያለ፣ የተፋቀ ብረት ይታያል። ቀጥሎ ቦል ጆይንቱ፣ ማለትም የታችኛውን ክንድ ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ፣ ነው። መኪናውን አንሥተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅዎንም ቢሆን አያስገቡ። ከዚያ ከጎማው በታች ረጅም ብረት አስገብተው ጎማውን ወደ ላይ ቀና ቀና ያድርጉት፤ ሌላ ሰው የታችኛውን ክንድና የጎማውን ተሸካሚ መጋጠሚያ ይመልከት። እዚያ ጨዋታ (ልል እንቅስቃሴ) ካለ መኪናው አይነዳ። ሊንክ ቢሰበር ያስጮሃል፤ ቦል ጆይንት ቢላቀቅ ጎማው ከሥር ይታጠፋል። በመጨረሻ መኪናው ቆሞ ሌላ ሰው መሪውን ሲያዞር ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን የሾክ አብዞርበሩ ጫፍ ላይ ያድርጉ፤ ሞላው ተወጥሮ ድንገት «ድብ» ብሎ ከዘለለ የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ታንቋል ማለት ነው።

ሾክ አብዞርበሩንም እግረ መንገድዎን ይዩት። ገላው ላይ ስስ የዘይት ወዝ አቧራ ይዞ ቢታይ አያሳስብም። እስከ ታች የሚወርድ እርጥበት ከሆነ ግን አልቋል። አንዱ ካለቀ የአንድ አክስል (የፊት ወይም የኋላ) ሁለቱ ይቀየራሉ፤ አራቱንም ለመቀየር ምክንያት የሚሆነው ኋላዎቹም ካለቁ ብቻ ነው።

ከፍ ስለማድረጉ ሐሳባችን ግልጽ ነው፤ አያድርጉት። በሞላውና በገላው መካከል የሚገባው ማወፈሪያ ሞላውን አያጠነክረውም፣ ሾክ አብዞርበሩንም አያስረዝመውም። ጎማውን ወደ ታች ብቻ ይገፋዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ የሚወርድበት ርቀት በዚያው ልክ ያንሳል፤ ያን ጊዜ ሾክ አብዞርበሩ ጫፉ ላይ እየተመዘዘ «ዷ» ይላል። ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ተዳፍቶ ስለሚሠራ የጆይንቱ ላስቲክ ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ከገባ ደግሞ ጆይንቱ አብሮ ይሄዳል። የጎማው አቀማመጥም ይዛባል። አሁን አንድ ድምፅ አለዎት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ይሆናል።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ያደባልቃል። አንደኛው የሚሸከመው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ የሚጠመዘዝ ዘንግ ወይስ አየር? ሁለተኛው ጎማዎቹ እንዴት ተያያዙ የሚለው ነው፤ ግራና ቀኙ በአንድ ድፍን አክስል ታስረዋል ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል? «ሞላ ያለው ስለሆነ ምቹ ነው» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት የማይሆነው ለዚህ ነው። አብዛኛው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 80 ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ አክስሎቹ ግን ድፍን ናቸው። ድፍን አክስል አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላውን አብሮ ያጋድላል። አክስሉ፣ ዲፈረንሻሉና ጎማዎቹ አንድ ላይ ከባድ ስለሆኑም በየጉብታው ያንን ሁሉ ክብደት መልሶ መሬት ላይ ማሳረፍ ለሞላውም ለሾክ አብዞርበሩም ፈተና ነው። በአንጻሩ የሚላቀቅ መጋጠሚያው ጥቂት ነው፣ ይችላል፣ መኪናው ቢጫንም ባይጫንም የጎማው ቁመና አይለወጥም።

የእርስዎ ዓይነት አነስተኛ መኪና ከፊት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ማክፈርሰን ነው፤ ኢንጂነር ኤርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው አሠራር ነው። ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመው፣ ከታች አንድ ክንድ ብቻ ይዟቸዋል። ቦታ አይፈጅም፣ ዕቃው ጥቂት ነው፣ ለሞተሩ ስፋት ይሰጣል። ድካሙ ሾክ አብዞርበሩ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የመያዝ ሥራም ስላለበት ነው፤ ከባድ ጉድጓድ ላይ ዘንጉ ሊጎብጥ ይችላል፣ ከጎበጠ ደግሞ የትኛውም አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከል) አያቃናውም። ሲፈታም አንድ ሕግ አለ፦ ሞላው በመጨበጫ መሣሪያ እኩል ተጨምቆ መቀመጫውን ሳይለቅ የላይኛው መሀል ዳዶ አይነካም። የታመቀ ሞላ ሲፈነጠር ሰው ይገድላል።

ከኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙን በአንድ የሚጠመዘዝ ብረት የሚያያይዝ ቶርሽን ቢም ይኖረዋል። ጥቂት ቡሽ፣ ጥቂት ወጪ፣ ሰፊ የዕቃ ቦታ። ኮረኮንች ላይ ከኋላ ትንሽ ያነጥራል፤ ለቤት መኪና ግን ከሁሉም አነስተኛ ጣጣ ያለው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ደብል ዊሽቦን ሁለት ክንድ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች፣ ይዞ ጎማውን ያቆማል። መታጠፊያ ላይ ጎማው በሙሉ ፊቱ መሬት እንዲይዝ ስለሚያደርግ ጥሩ አያያዝ ይሰጣል፣ ሾክ አብዞርበሩ ላይም የሚያርፍ የጎን ኃይል የለም። በምላሹ የሚያልቁት ቦል ጆይንትና ቡሾች በእጥፍ ናቸው። ምርመራውም ይለያል፤ ሞላው የተቀመጠው የታችኛው ክንድ ላይ ከሆነ የታችኛውን ቦል ጆይንት ለማየት ክሪኩ ከክንዱ ሥር መግባት አለበት፤ ያለበለዚያ የሞላው ኃይል ወጥሮት ጨዋታውን ይደብቃል። መልቲሊንክ ይህንኑ ወደ አራትና አምስት ዘንግ ያበዛው ነው፤ መርሴዲስ ቤንዝ በ1982 እ.ኤ.አ. በ190 ሞዴሉ የኋላ ጎማ ላይ ይዞት ከወጣ ወዲህ በብዙ የቤት መኪናዎች ተለምዷል። ለስላሳነትንና አያያዝን አንድ ላይ የሚሰጥ እንደ እሱ ብዙ የለም። አሥር ዓመት ያለፈው መልቲሊንክ ግን በአንድ ጎን ብቻ ስምንትና አሥር ቡሽ ሊያስለውጥ ይችላል።

አየርም አለ። በሞላ ፋንታ የላስቲክ ከረጢት አየር ይሞላል፤ ጭነት ቢጨመርም የመኪናው ቁመት አይወርድም፣ ጉዞውም እጅግ ለስላሳ ነው። ያገለገለ ሊገዙ ካሰቡ ማታ ሲያቆሙት ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለክተው፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መልሰው ይለኩ። አንዱ ጥግ ከወረደ ይተነፍሳል፤ ከረጢቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀቡ አረፋው ያሳይዎታል። የሚተነፍስ ከረጢት የአየር መጭመቂያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ መጭመቂያው የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።

አሁን ጓደኛዎ ስላሉት ባሌስትራ። ተደራርበው የታሰሩ የብረት ንጣፎች ናቸው፤ ክብደት መሸከሙንም፣ አክስሉን በቦታው መያዙንም፣ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ እንዳይገለበጥ መግታቱንም ብቻቸውን ይሠሩታል። ሌላ ክንድ አያስፈልግም። አንድ ንጣፍ ቢሰነጠቅ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ጋራዥ ይደርሳል። ለጭነት እስከ ዛሬ የሚመረጠው በዚህ ነው። ሲጫን ንጣፎቹ ይዘረጋሉ፣ ጉዞውም ይረጋጋል፤ ባዶውን ሲሆን ግን ለ1000 ኪሎ ግራም የተሠራ ብረት 100 ኪሎ ግራም አያጎብጠውም፤ የኋላው ይዘላል፣ እርጥብ መንገድ ላይም መታጠፊያ ሲያገኝ ይንሸራተታል። ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

ያገለገለ ፒክአፕ ከገዙ ከኋላ ሥር የሚታየው ይህ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ላይ፣ ንጣፎቹ በሚገናኙበት አካባቢ፣ አዲስ ቀይ ዝገት እንደ ዱቄት ከታየ ማሰሪያው ላልቷል። ዩ ቦልት ሲላላ መሀል ያለው ብሎን ለብቻው ኃይሉን ይሸከምና ይቆረጣል፤ ከዚያ አክስሉ ይንሸራተታል፣ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ወደ ጎን ሆኖ ይሄዳል። ይህን ለማረጋገጥ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በግራም በቀኝም ይለኩ፤ ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ይጠይቁ። በጠጠር መንገድ የሚሠራ ከሆነ ዩ ቦልቶቹ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፣ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም በድጋሚ ይጥበቁ። በባሌስትራ ላይ የተቃጠለ ዘይት መርጨትን ይተው፤ አቧራውን ይይዝና ብረቱን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፣ የላስቲክ ቡሹንም ያሳብጠዋል።

ንጣፍ መጨመርም የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የባሌስትራው ጥንካሬ ይጨምራል እንጂ የአክስሉ፣ የፍሬኑና የጎማው አቅም አይጨምርም። በተጨማሪ ብዙ ፒክአፕ ላይ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን በቁመት እያነበበ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ። ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላ ፍሬንን ይቀንሳል፤ ንጣፍ ጨምሮ ቫልቩን አለማስተካከል ተጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው አደገኛ ስህተት ነው። የፒክአፑ ፊት ቶርሽን ባር ከሆነ፣ ማለትም ከሻሲው ጎን ለጎን የተዘረጋ የሚጠመዘዝ ዘንግ ከሆነ፣ ማስተካከያ ብሎኑን አጥብቆ ማሳደግ እንደዚያው ነው፦ ከፍ ያደርጋል፣ አያጠነክርም፣ ጎማው የሚወርድበትን ርቀት ይበላል። ሲፈታም የግራውና የቀኙ ዘንግ ምልክት አላቸው፤ መቀያየር አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ለእርስዎ የሚሆነውን ስናስብ፣ የደብዳቤዎ ትልቁ ቁም ነገር 500 ኪሎ ግራሙ ነው። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ፤ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የመኪናውን ባዶ ክብደት ይቀንሱ። ለአነስተኛ የቤት መኪና የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህ ደግሞ እርስዎንና የሚሳፈረውን ሰው ጨምሮ ነው። ስለዚህ መኪናዎ በወር ሁለት ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፤ ሞላዎቹ ተጨምቀው ማቆሚያ ላስቲኩ ላይ ያርፋሉ፣ ጉድጓዱ በቀጥታ ወደ ገላው ይደርሳል። ቡሹም ሊንኩም በዚህ ቶሎ ያልቃሉ። ሆኖም ለሁለት ቀን ጭነት ተብሎ በቀሩት 28 ቀናት ልጆችን ባዶ ባሌስትራ ላይ ማመላለስ አንመክርም። ዕቃውን 250 እያደረጉ በሁለት ምልልስ ያድርሱት፣ ወይም ለእነዚያ ሁለት ቀናት የጭነት መኪና ይከራዩ። ጭነቱ ወደ ሳምንታዊ ከተለወጠ ያኔ ከኋላ ድፍን አክስል በሞላ ላይ ያለው መኪና ለእርስዎ አስታራቂ ነው፤ የሚጫነው ከ700 ኪሎ ግራም ካለፈ ግን ባሌስትራውን ይያዙ።

ለጊዜው ሥራው ይህ ነው። ሊንኩ ጨዋታ ካለው የግራውንም የቀኙንም ይተኩ፤ ዳዶው ሲፈታ ኳሱ አብሮ ከዞረ ጫፉን በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይያዙት። የክንድ ቡሽ የሚቀየር ከሆነ ብሎኑን ጎማው ተንጠልጥሎ ጨርሰው አያጥብቁ፤ ቡሹ በዚያ ቁመና ይታሰርና መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቆያል፣ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ለስለስ አድርገው አስረው፣ መኪናውን በጎማው አሳርፈው፣ አንድ ሁለቴ ከላይ ተጭነው ካንቀሳቀሱት በኋላ ያጥብቁት። ከዚያ አላይመንት ያሠሩ፣ የጎማውን ንፋስ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ልክ ይሙሉ፣ ያንኑ ጉድጓድ በዚያው ፍጥነት ይለፉ። ድምፁ ካልጠፋ መሪ ሲያዞሩ ይሁን ፍሬን ሲይዙ፣ በብርድ ይሁን በሙቀት የሚሰማበትን ጽፈው ይላኩልን፤ ከዚያ ወደ ክንዱ ቡሽና ወደ መሪው ማርሽ እንሄዳለን።